ጠዋት 12፣ ማታ 12

ፍኖተ ሰላም ጥግ ላህ ወንዝ ላይ፣ ጂጋ አጠገብ ብር ላይ፣ ደምበጫ አጠገብ ተምጫ ላይ፣ መርዓዊ አጠገብ ግልገል አባይ ላይ የውሃ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። በአውራ ጎዳናው የሚያልፍ መንገደኛ ልብ አይላቸውም፤ ዓይኑ ቢያርፍባቸውም የመንገድ ሥራ ምልክት ይመስሉታል። እያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ሜትር ቁመት ያለው ነጭ ብረት ሲሆን በጥቁር ቀለም በሴንቲ ሜትር ተሸንሽኗል። የመጀመሪያው ከወንዙ አልጋ ይነሳል። ሁለተኛው እሱ ካበቃበት ከፍታ ጀምሮ ወደ ዳርቻው ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ ከሁለተኛው በላይ። ባለሙያዎቹ «ስታፍ ጌጅ» ይሉታል።

በጥር ማንም ሊያነበው ይችላል። ውሃው ጸጥ ብሎ 34 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሟል፤ ተጽፎ ይታለፋል። በሐምሌ ግን ሥራው ሌላ ነው። ድፍርሱ ውሃ ሰሌዳውን ሲመታ ከፊት ለፊት ወደ ላይ ይዘላል፣ ከኋላ ይጎደጉዳል። አንባቢው ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ መካከለኛውን ይይዛል። ቁጥሩ በጭቃ ከተሸፈነ ይጠርጋል፤ ለመጥረግ ደግሞ ወደ ውሃው መጠጋት አለበት። ሰሌዳው ላይ የተጠመጠመ የበቆሎ አገዳና ቅጠል ካለ ውሃውን ስለሚገድበው ልኬቱን ያዛባዋል። ግንድ መትቶ ካጋደለው ደግሞ የሚነበበው ቁጥር ሁሉ ስህተት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ ሲሆን የሚያገኘው አነስተኛ የወር አበል ነው። ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች የተጻፈው አብዛኛው ጥናት፣ ስለ አባይ የሚደረገውም ክርክር ጭምር፣ መነሻው እንዲህ ያለ ሰው የያዘው ደብተር ነው።

አንባቢው ወደ ወንዙ የሚወርደው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት። ደራሽ ውሃን የምናጣው እዚህ ላይ ነው።

የጎጃም ደጋ ዝናብ በእነዚህ ሰዓቶች አይመራም። ሰኔ ከገባ በኋላ ረፋዱ ይሞቃል፣ ደመናው ተራራው ላይ ይከመራል፣ ከሰዓት በኋላ ይጥላል። የውሃ ተመራማሪው ዓለምሰገድ ታምሩ ኃይሌና ባልደረቦቹ በግልገል አባይና በጣና ዙሪያ የዝናቡን ሰዓት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጽሑፍም ይህንኑ ያሳያል፤ ተራራማው ክፍል ከሰዓት በኋላና አመሻሹ ላይ ይዘንብበታል፣ ሐይቁ ዙሪያ ደግሞ ሌሊት። አሁን አንድ የነሐሴ ቀን እናስብ። ጠዋት 12 ላይ ላህ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ማታ 12 ላይ ደጋው ላይ እየዘነበ ነው፣ ከተማው ግን ደረቅ ነው፤ ሰሌዳው 85 ይላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ደርሶ 2 ሜትር ከ60 ይሞላል። እኩለ ሌሊት ሳይሆን መጉደል ይጀምራል። በማግስቱ ጠዋት 12 ላይ 1 ሜትር ከ10 ተብሎ ይመዘገባል። በመዝገቡ መሠረት ያ ሌሊት ወንዙ በ25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለበት ሌሊት ነው። ማድ ቤቱ በውሃ የተወሰደበት ሰው መዝገቡን ቢያይ ምን ይል ይሆን?

ጥፋቱን አንባቢው ላይ የሚጥል ካለ ነገሩን አልተረዳም። ሰውየው በታዘዘበት ሰዓት ወርዶ ያየውን ጽፏል። መጠየቅ ያለበት፣ ሰሌዳው መጀመሪያውኑ ለምን ዓላማ ተተከለ የሚለው ነው።

የጎጃምን ውሃ መለካት የጀመሩት ጎጃሜዎች አልነበሩም። ካይሮ ውስጥ ሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው የአባይ መለኪያ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሟል። ውሃው 16 ክንድ ያህል ሲደርስ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይባል ነበር፤ በጣም ካነሰ ረሃብ፣ በጣም ከበዛ ጥፋት። ግብሩም በዚያ ተተምኖ ነበር የሚጣለው። ዓምዱ ላይ ይነበብ የነበረው በአብዛኛው የእኛ ክረምት ነው፤ ቋራ፣ ሰከላ፣ ዳሞት ላይ የዘነበው ዝናብ ከሳምንታት በኋላ ካይሮ ላይ በክንድ ይቆጠራል። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921፣ ግራብሃምና ብላክ የተባሉ እንግሊዛውያን ጣናን ሊያጠኑ መጡ። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ ሐይቁ ቢገደብ ለሱዳንና ለግብፅ ምን ያህል ውሃ ይገኛል? ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ የአባይን ተፋሰስ ከዳር እስከ ዳር አጠና። ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ወንዞች ላይ ያለው የልኬት ሥርዓት መሠረቱ የተጣለው በዚያ ዘመን ነው። የጥናቱም ጥያቄ የግድብና የመስኖ ነበር፤ ይህ ወንዝ በዓመት ስንት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሰጣል?

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በቀን ሁለት ንባብ ይበቃል ማለት ይቻላል። አንድ ሌሊት የመጣ ደራሽ ቢያመልጥም የዓመቱ ድምር ብዙም አይዛነፍም። መዝገቡ በወር አንዴ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ተሰብስቦ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ ግድቡን የሚነድፈው መሐንዲስ አይቸገርም፤ እሱ የሚፈልገው የሠላሳ ዓመት ቁጥር ነው። በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ጥያቄ ግን «ዛሬ ማታ ስንት ይደርሳል?» የሚል ነው። ለሱ ጥያቄ የተሠራ ሥርዓት አልነበረም። ቁጥሩ ከደጁ ተነስቶ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ እሱ ጋ አይመለስም። ለኔ የዚህ ምዕራፍ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ ወንዞቻችን አልተለኩም ማለት አይቻልም፣ የተለኩት ግን ለከተማው አይደለም።

ከፍታ ብቻውን ስለ ውሃው መጠን አይናገርም። ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው የተኛ ውሃና ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው የሚገሰግስ ውሃ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ባለሙያዎች አልፎ አልፎ መጥተው ፍጥነቱን ይለካሉ። ከድልድይ ወይም ከተዘረጋ ገመድ ላይ «ከረንት ሜትር» የሚባል፣ ውሃው የሚያሽከረክረው መሣሪያ እያወረዱ ከዳር እስከ ዳር በየተወሰነ ርቀት ይለካሉ። ከፍታው ይህን ያህል ሲሆን ፍሰቱ ይህን ያህል ነው የሚል ነጥብ ያገኛሉ። ብዙ ነጥቦች ሲጠራቀሙ አንድ መስመር ይወጣቸዋል፤ «ሬቲንግ ከርቭ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ አንባቢው ከፍታውን ብቻ ቢጽፍ ፍሰቱ ከመስመሩ ይነበባል።

መሣሪያ ባይኖርም ጥሩ ግምት ማግኘት ይቻላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት 20 ሜትር ቦታ ይመረጣል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ችካል ይተከላል። ከላይኛው ችካል ከፍ ብሎ ደረቅ እንጨት ወደ መሀሉ ይወረወራል። ከችካል ወደ ችካል 10 ሰኮንድ ከወሰደበት የላዩ ውሃ በሰኮንድ 2 ሜትር እየሄደ ነው። ከሥር ያለው ውሃ አልጋው ስለሚይዘው ይዘገያል፤ ስለዚህ በ0.85 ይባዛል፣ 1.7 ይሆናል። ወንዙ 12 ሜትር ሰፍቶ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ከጠለቀ ስፋቱ በጥልቀቱ 18 ነው። 18 በ1.7 ሲባዛ 30.6፤ ማለትም በየሰኮንዱ ከ30 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ያልፋል። ጥልቀቱና ስፋቱ በበጋ፣ ውሃው ሲጎድል፣ በገመድና በሜትር አስቀድሞ ይለካል። በሙላት ሰዓት ማንም ወደ ውሃው መግባት የለበትም።

ይሁንና የሬቲንግ ከርቩ መስመር ሁለት ድካም አለበት። አንደኛው አልጋው ይለወጣል፤ ደለል ይሞላዋል፣ ጎርፍ ይቦረቡረዋል፣ ለግንባታ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ይቆፍሩታል። ያኔ ያው 2 ሜትር የድሮውን ፍሰት አያመለክትም። ሁለተኛው ይብሳል። ከረንት ሜትር የሚወርደው ውሃው ሲያስኬድ ነው። ትልቁ ሙላት ማታ ይመጣል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቡድኑ ያለው ባሕር ዳር ነው፣ ግንድ እየተንከባለለ በሚመጣበት ውሃ ላይ መሣሪያ ማውረድም እብደት ነው። ስለዚህ የመስመሩ ላይኛ ጫፍ፣ በተለይ ለጎርፍ የሚፈለገው ክፍል፣ በአብዛኛው በልኬት የተገኘ ሳይሆን በግምት የተቀጠለ ነው። ስለ ትልቅ ጎርፍ እስከ ነጥብ ድረስ የተጻፈ ቁጥር ስታዩ ይህን አስቡ።

አሁን ከወንዙ ወጥተን ወደ ተዳፋቱ እንሂድ፤ የጎርፉ ምክንያት ያለው እዚያ ነውና። ከደምበጫ በስተ ሰሜን ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ አንጀኒ የምትባል ቦታ አለች። ስፋቷ 113 ሄክታር ብቻ የሆነች አነስተኛ ተፋሰስ ናት፤ ግን በኢትዮጵያ ከእሷ ይበልጥ የተጠና መሬት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ሃንስ ሁርኒ ነበሩ። አንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ከምርምር ጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል።

እዚያ የተደረገውን አንድ ነገር በጣም እወደዋለሁ። የጅረቷ ታዛቢ የሚነሳው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ውሃው ሲደፈርስ ነበር። ጅረቷ ቡናማ መሆን ስትጀምር ናሙና መቅዳት ይጀምራል፤ ቡናማ እስከሆነች ድረስ በየ10 ደቂቃው ይቀዳል፤ መጥራት ስትጀምር በየግማሽ ሰዓቱ። ከፍታውንም ተንሳፋፊ ያለው መሣሪያ በወረቀት ላይ ያለማቋረጥ ይስለዋል። ላህ ዳር ካለው ሰሌዳ ጋር አነጻጽሩት። ሁለቱም ምዕራብ ጎጃም ናቸው፣ ሁለቱም ክረምቱን ይለካሉ፤ አንዱ ለደራሹ ተዘጋጅቷል፣ ሌላው ደራሹ በሌለበት ሰዓት ይመጣል።

ከአንጀኒና ከሌሎቹ ጣቢያዎች መዝገብ የወጣው ግኝት አርሶ አደር በልምድ የሚያውቀውን በቁጥር አስቀመጠው። በሰኔ መጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ወንዙ እምብዛም ላይሞላ ይችላል፤ ያው መጠን በነሐሴ ሲዘንብ ወንዙ ከዳሩ ይወጣል። መሬቱ በበጋ ደርቆ ስለሰነበተ መጀመሪያ ይጠጣል። ከክረምቱ መግቢያ አንስቶ ወደ 500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ከተጠራቀመ በኋላ ግን የታችኛው ተዳፋትና ረግረጉ ይጠግባል፤ ከዚያ ወዲያ ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይሄዳል። እንስራ ከሞላ በኋላ የሚጨመርበት ሁሉ ይፈሳል፤ ነገሩ እንደዚያ ነው።

በስሌት እንየው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ላይ ቢወርድ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። መሬቱ ባልጠገበበት በሰኔ አንድ አሥረኛው ወደ ወንዝ ቢሄድና በሦስት ሰዓት ውስጥ ቢያልፍ በሰኮንድ በአማካይ 28 ሜትር ኩብ ይሆናል። በነሐሴ ግማሹ ቢሄድ 139 ይሆናል። ዝናቡ ያው፣ ደመናው ያው፣ ወንዙ ግን አምስት እጥፍ። ስለዚህ ለጎርፍ የሚጠነቀቅ ከተማ የዛሬውን ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከግንቦት ጀምሮ የተጠራቀመውንም ይደምራል። ይህን ለመደመር ሳተላይት አያስፈልግም፤ የዝናብ መለኪያና ደብተር ይበቃል። ብዙ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ አለ።

ወንዝ በትልቅነቱ ልክ ጊዜ ይሰጣል። ጣና ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ከፍተኛ ከፍታው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ከበረታባቸው ወራት በኋላ መስከረም ላይ ነው። ግልገል አባይ መርዓዊ አጠገብ የሚለካው የ1,664 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ውሃ ተጠራቅሞ ነው፤ ከሰከላ ተራሮች ወርዶ፣ በአቸፈርና በባሕር ዳር ዙሪያ አልፎ ጣና እስኪገባ ድረስ ሰዓታት አሉ። ብር ጂጋ ላይ ወደ 980 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይይዛል። ላህ ከሁለቱም በጣም ያነሰ ነው፤ ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ ከተማው የሚደርሰው በጥቂት ሰዓት ነው። ትልቁ ወንዝ ብዙ መሬት ያጥለቀልቃል፣ ግን ለመሸሽ ፋታ ይሰጣል። ትንሹ ወንዝ ፋታ የለውም።

1998 ዓ.ም. ሦስቱንም ዓይነት፣ ትንሹን ወንዝ፣ ትልቁን ወንዝና ሐይቁን፣ በአንድ ክረምት አሳይቶናል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ከአልጋው ወጣ፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው የመጣው ከከተማው በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው፣ ሰውም ተኝቶ ነበር። ነሐሴ 7 ቀን ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ 364 ሰዎች ማለቃቸው ተነገረ። ያው ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም አብጦ፣ ፎገራና ደምቢያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ፎገራ ላይ ውሃው ቀናት ወስዶ ስለተዘረጋ ሰውን በጀልባ ማውጣት ተችሏል። ድሬዳዋ ላይ ለዚህ የሚሆን ሰዓት እንኳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ተሻሽለዋል። አገር አቀፍ የጎርፍ ግብረ ኃይል ተቋቋመ፣ ከክረምት በፊት የስጋት ቦታዎች ዝርዝር መውጣት ተለመደ። የናይል ተፋሰስ ምሥራቃዊ ክፍል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ ኤንትሮ፣ በየክረምቱ የጎርፍ ትንበያ ያወጣል፤ ትኩረቱ ጣና ዙሪያ፣ ጋምቤላና ሱዳን ነው። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ካርቱም ላይ አባይ ከ17 ሜትር ተኩል አልፎ የ1946ንና የ1988ን ከፍታ ሲሰብር ሕዝቡ ቁጥሩን በየቀኑ በሬዲዮና በስልክ ይከታተል ነበር። ዓለም አቀፍ የጎርፍ ትንበያ ሞዴሎችም አሉ፤ ማንም በስልኩ ሊያያቸው ይችላል። ግን ሞዴሎቹ ለአባይ ለራሱ ጥሩ ናቸው እንጂ ለላህና ለመሰሎቹ ትንንሽ ወንዞች አይደሉም። መሬቱን በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ በተሸነሸኑ አራት ማዕዘኖች ስለሚያዩት፣ አንድ ተራራ ላይ ብቻ ወርዶ የሚያበቃ የከሰዓት ዝናብ በመሀላቸው ያመልጣል።

ለትንሽ ወንዝ የሚያዋጣው ከላይ ያለ ሰው ነው። ጎረቤታችን ዳንግላ ይህን አሳይታለች። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዳንግሽታ በተባለው ቀበሌ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲና የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ከአርሶ አደሮች ጋር ሆነው ዝናብን፣ የጉድጓድ ውሃንና የወንዝ ከፍታን እንዲለኩ አደረጉ። ሥራው የከርሰ ምድር ውሃን ለመስኖ ለማጥናት እንጂ ለጎርፍ አልነበረም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ግምገማ አርሶ አደሮቹ የያዙት መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች መዝገብ ጋር ሊስተካከል የሚችል ጥራት እንዳለው አረጋገጠ። ሌላው ትምህርት ደግሞ የለካው ሰው ውጤቱ ተመልሶ ሲነገረው መለካቱን የማይተው መሆኑ ነው። የሰበሰበው ቁጥር የት እንደገባ የማያውቅ ሰው በሁለተኛው ክረምት ቢሰላች አይፈረድበትም።

ይህን ወደ ላህ እናምጣው። ከከተማው በላይ፣ ውሃው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ በሚያልፍበት ቦታ፣ ቤቱ ወንዝ ዳር የሆነ አንድ አርሶ አደር አለ እንበል። ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ ድልድዩ ምሰሶ ላይ ወይም ከዳር ባለ ቋጥኝ ላይ ሦስት ቀለም ይቀባለታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከተማው ውስጥ ስልክ ይጮሃል።

«ጋሼ፣ ውሃው ቢጫውን አለፈ።»

«ግንድ አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! ድምፁም ይሰማል፤ እናንተ ጋ ሳይደርስ ልጆቹን አስወጡ።»

ይህ ንግግር ካለ ከፍ ያለ ቴክኖሎጂ የሚጨምርለት ነገር አለ፤ ከሌለ ግን ቴክኖሎጂው ብቻውን ክፍተቱን አይሞላውም። እርግጥ ድልድይ ሥር የሚሰቀል፣ ውሃውን ሳይነካ ከፍታውን በራዳር የሚለካና በየ15 ደቂቃው በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ መሣሪያ ዛሬ በገበያ አለ። ባትሪው ሲሞት፣ ሲም ካርዱ ሳይሞላ ሲቀር፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለውን የሚመልስ በጀት ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ አይመጣም። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት የትኛው እንደሚሠራ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ከባዱ ክፍል ስልኩን የተቀበለው ሰው ነው። ማን ነው? ከንቲባው፣ ፖሊስ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ያለው ዲያቆን? ስንት ሜትር ሲሆን ነው ሰው የሚቀሰቀሰው? የሰሌዳው ቁጥር በራሱ ምንም ማለት አይደለም፤ ዜሮው ሰሌዳው የተተከለበት ቦታ ነው እንጂ ከወንዙ ዝቅተኛ ወለል ጋር የግድ አይገጥምም። ከተማው ማወቅ ያለበት ወንዙ ከዳሩ የሚወጣበትን ከፍታ፣ ከዝቅተኛው ቤት ደፍ ጋር የሚተካከልበትን ከፍታና ድልድዩን የሚነካበትን ከፍታ ነው። እነዚህ በአንድ የበጋ ቀን በሌቭል መሣሪያ ሊለኩ ይችላሉ። የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ግማሽ ቀን ከሰጠው ይበቃዋል። ከዚያ አንድ ሰው በስም ኃላፊ ይሁን፤ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ ውሃው ቢቀር እንዳይወቀስም አስቀድሞ ይነገር። በሐሰት ማስጠንቀቂያ የተወቀሰ ሰው ሦስተኛውን ሌሊት ይጠራጠራል፤ የሚያጠፋውም ያ መጠራጠር ነው።

ስለ ቤት ግንባታ ሲነሳ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚል ቃል ይመጣል፤ ሰውም በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ መስሎት ይጽናናል። ትርጉሙ በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጣ ማለት የሚቀጥለው ዓመት አይመጣም ማለት አይደለም። ሠላሳ ዓመት በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ነው። የአሥር ዓመቱ ጎርፍ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ 41 በመቶ። የወንዝ ዳር ቦታ ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው፤ ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ በጥር ነው የሚያሳየው። ከተማው ራሱ ደግሞ በቆርቆሮ ጣራና በኮብልስቶን እየለበሰ ሲሄድ ወደ ጎርፍ ማስወገጃው ቱቦ ከድሮው የበለጠ ውሃ ይገባል፤ ቱቦው በፕላስቲክ ጠርሙስና በጫት ገረባ ሲዘጋ ወንዙ ሳይሞላ መንገዱ ይሞላል። ያ ጎርፍ በሰሌዳው ላይ አይታይም፤ መፍትሔውም አካፋ ነው፤ ግንቦት ላይ።

በገጠሩ ግን ወንዝ ሰው የሚወስደው ቤቱ እያለ ሳይሆን ሲሻገር ነው። የገበያ ቀን ነው፣ ጠዋት በጉልበት ተሻግሯል፣ ማታ ሲመለስ ውሃው ቡናማ ሆኗል፣ ከብት ወዲያ ማዶ ቀርቷል። ጠዋት የተሻገረበት ቦታ ስለሆነ ያምነዋል። ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር የሚገሰግስ ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ድፍርስ ስለሆነ ደግሞ ጠዋት ያልነበረውን ጉድጓድ አያሳይም። «ትናንት አልፌበታለሁ» የሚሉ ሚኒባስ ነጂዎች የሚረሱት ይህን ነው።

ጎርፉ ሲጎድል አንድ ሥራ ይቀራል፤ ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም አይሠራውም። ጎርፍ በሰዓቱ ባይለካም ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። በዳሩ ግራር ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ገለባ፣ በግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ በአጥር ላይ የተጠመደ አገዳ ሁሉ ውሃው የደረሰበትን ይናገራሉ። ሁለት ዝናብ ከዘነበባቸው ግን ይጠፋሉ። ስለዚህ በማግስቱ ወይም በሣልስቱ ተሂዶ የጭቃው መስመር ላይ በዘይት ቀለም ሠረዝ ይሰመራል፣ ቀኑና ዓመቱ ይጻፋል፤ በጥቅምት ደግሞ ቀያሹ ሠረዙን ከሰሌዳው ዜሮ ጋር በሌቭል ያያይዘዋል። ሠረዙ የከተማው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ፣ ድልድዩ ራስ ላይ ወይም ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ቢሆን ይመረጣል። የቁጥሩ ግልባጭ ለባሕር ዳር ይላካል፤ የሬቲንግ ከርቩን ላይኛ ጫፍ በግምት የቀጠሉት ሰዎች ይፈልጉታል።